በሁለት ሠርግ መካከል

ገና ጎሕ ሳይቀድ ስልኬ ይንጫጫል፤
አንዱ ይለምናል፣ አንዱ ይቆጣል።
«አበባው የት ደርሷል?» «እንፍራዝ ላይ ቆሟል።»
«ጎማ ፈነዳ እንዴ?» «ሾፌሩ ቁርስ ይበላል።»

አያናው ተኝቷል፣ ክንዱ በኔ ቦታ፤
ጫማዬን በዳበሳ ስፈልግ በዝምታ
«እማ፣ ዛሬም ሠርግ?» አለኝ ከጨለማ
ጓንጉል፣ የሆዴ ልጅ። ምነው ባልሰማ!
«ዛሬና ነገ ነው፤ ሰኞ ያንተ ነኝ።»
«ሰኞማ ትምህርት ነው» ብሎ ረታኝ።

የዛሬው ማራኪ፣ የነገው አዘዞ፤
ሁለት ዳስ፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ስልክ ይዞ።
ከኮቴ አንገትጌ ሃያ መርፌ ቁልፍ፤
የተቀደደ ሁሉ በእኔ እጅ የሚያልፍ፤
የሙሽሪት ቀሚስ፣ የሚዜው ክራቫት፣
አንዳንዴም ያማቶች የከረመ ቅናት።

እትዬ ደብሪቱ፣ የሙሽሪት እናት፣
መቶ ሃምሳ እንግዳ ብለው የፈረሙት፣
«ሦስት መቶ ይሆናል» አሉኝ በጠዋት።
«ዘመድ እኮ ነው፤ ዘመድ ይቈጠራል?»
«ወንበር ግን ይቈጠራል» ይላል ሆዴ፤
አፌ «እሺ» ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ መብራት እልም አለ፤
ጄኔሬተሩም ሁለቴ አስሎ ዝም አለ።
በባጃጅ በረርኩኝ፣ ጀሪካኔን አቅፌ፣
የግንቡን ጥላ በጨረፍታ አልፌ።

የማደያው ወረፋ እባብ ነው፣ ጥምዝምዝ።
ከመንገዱ ማዶ፣ ከጽዱ ጥላ ሥር፣
ጆተኒ የከበቡ ልጆች፣ ጩኸት፣ ግርግር፤
መሐል ላይ ጓንጉል!
«እማ፣ አንዴ ብቻ! አንቺ በረኛ ሁኚ!»
ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ እትዬ ደብሪቱ።
ኪሴ ከተትኩት። ይቆዩ፣ ደግ ናቸው ሴትዮይቱ።
ጀሪካኔን በተራዬ ቦታ አስቀመጥኩ፤
ኮቴን ከጽዱ ሰቀልኩና ብረቱን ጨበጥኩ።

ታዲያ ምን ልበላችሁ፣
ኳሷ ከእኔ ብረት ተፈናጥራ፣ ጓ! ብላ ስትሰፍር፣
ያ በትምህርት ቤት በር እጄን መያዝ የሚያፍር
አቀፈኝ ሰው ፊት፣ ያውም በገዛ መንደር።
ተሸነፍን፤ ዐሥር ለሰባት። ቢሆንም
ሦስቱ ግብ የእኔ ነው፤ ማንም አይክደኝም።

ናፍታዬን ይዤ ስደርስ፣ የጠበቅሁት ለቅሶ፣
ዳሱ በጭብጨባ ነደደ፤ ዲጄው ቀርቷል ተረስቶ።
አክስቶች ትከሻ ለትከሻ፣ ሚዜው ጉልበቱን አጥፎ፣
እትዬ ደብሪቱ በባዶ እግር፣ ሻሻቸው አንገት ላይ አርፎ።
«የት ጠፋሽ?» ያለኝ የለም።

ወዲያው ግን
የሙሽሪት የስመኝ ቀሚስ በጎኑ ተተረተረ፤
እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። መርፌ የለም። ልቤ በረረ።
ኮቴ! ከጽዱ ላይ!

ይህን ሳስብ ከአጥሩ ቀዳዳ አንድ ሰው ሾልኮ ገባ፣
ኮቱ ከጉልበቱ የወረደ፣ ፊቱን አቧራ የተቀባ።
«እማ፣ ረስተሽው ሄድሽ!» ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ፤
ከአንገትጌው መርፌ ስነቅል፣ እሱ እንደ ወታደር ቀጥ።

እትዬ ደብሪቱ አዩን።
«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»
«ዘመድ ነው» አልኳቸው፣ «ዘመድ ይቈጠራል?»
ሳቁ። የጥብስ ሰሃን አስመጡ፤ ወንበር አስፈለጉ።
ወንበር ግን የለም፤ እሱ ይቈጠራልና።
ጓንጉል ባዶው ጀሪካን ላይ ተቀምጦ በላ።

የእሑዱን አዘዞ አልነግራችሁም።
ኬኩ ሦስት ፎቅ ሆኖ ወጣ፣ ሁለት ሆኖ ደረሰ፤
ሙሽራው ቆጥሮ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ማታ፣ አያናው ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥቶ፣
እግሬ ውስጡ ተዘፍቆ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣
የሠርግ ቀጠሮ የምጽፍበትን ደብተር ገለጥኩ።
የሰኞው ገጽ ባዶ ነው ብዬ ነበር።
በእርሳስ፣ በተንጋደደ የአራተኛ ክፍል ፊደል፣
አንድ ሰው ቀድሞኝ ጽፎበታል፦
«ሰኞ፣ ዐሥር ሰዓት። ጆተኒ።
እንግዳ፦ ሁለት።»